ጥር 23 ከመድረሱ በፊት፦ ከግላሱ ሥር ያለው ፈረስ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እየዘከረ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በቴሌቪዥን የሚታየው ግላሱ (ፈረሱ የሚለብሰው ያጌጠ ልብስ)፣ የጋማው ጌጥ፣ ጋሻውና ጉግሱ ነው። አባሉ ግን ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ ይፈልገዋል፤ ለቀብር፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለሽምግልና፣ በአዊ ደጋ ደግሞ ለእርሻም ጭምር። ከሞፈር ተፈትቶ በሳምንቱ ሽምጥ እንዲጋልብ የሚጠየቅ ፈረስ ብዙ ነው። ጥር 24 ጠዋት የሚያነክሱት አብዛኞቹ ፈረሶች ችግራቸው የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጌጡ አይደለም። ከባንጃም ይሁን ከአንከሻ፣ ከዚገምም ይሁን ከጫራ የሚመጣ ባለፈረስ፣ የቀበሌ ማኅበሩም ጭምር፣ ከኅዳር ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

መጀመሪያ ፈረሱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይታወቅ። ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ። ከዚያ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለውን ርዝመት ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዝቶ፣ ለ11,900 ማካፈል ነው። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 125 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 206 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የአገራችን ደገኛ ፈረስ ብዙውን ጊዜ በዚሁ አካባቢ ነው። ቁጥሩ በትክክል የሚዛን ያህል አይሆንም፤ ሆኖም መኖውም የትል መድኃኒቱም የሚሰላው በእሱ ስለሆነ በግምት ከመስጠት እጅግ ይሻላል። በዐይን የሚገምት ሰው ዛሬ 150 ያለውን ነገ 250 ይለዋል።

206 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 5። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 3 ኪሎው ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ገለባ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አዊ ውስጥ እውነተኛ ችግር አለ። በተለይ በፋግታ ለኮማ የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ብዙ መሬት ሸፍኗል፤ የግጦሽ መስኩ ጠቧል። ዛፉ ለገበሬው ገንዘብ ነውና አትትከሉ ማለት ከንቱ ነው። ማኅበሩ ማድረግ የሚችለው መስክ ከልሎ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሣሩን በጋራ አጭዶ መከመር ነው። ሣሩ ሲታጠፍ የሚሰበር እስኪሆን ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ከውስጥ ይሞቅና ይሻግታል፤ አቧራ የሚመስለው ሻጋታ ፈረሱን ያስላል። ኅዳርን ያሳለ ፈረስ ጥር ላይ ትንፋሽ የለውም። የሻገተውን ማራገፍ አይበቃም፤ ይጣል።

ከገለባ የጤፍ ጭድ ይመረጣል። የገብስ ገለባ ሹል ፀጉር ስላለው ምላስና ድድ ይወጋል፤ ሲያኝክ የሚያዝረከርክ ወይም አንድ ጉንጩን የሚያሳብጥ ፈረስ ካለ መጀመሪያ አፉ ይከፈትና ይታይ። ሌላው ከአውድማ የሚመጣ አፈር ነው። ደቃቅ ጭድ አፈር ይይዛል፣ አፈሩ አንጀት ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ቁርጠት። ጭዱን በወንፊት ወይም በነፋስ ማራገፍ አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

እህል ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። በዓል ሲቃረብ "ጉልበት እንዲያገኝ" ተብሎ ገብስ በአንድ ጊዜ ይፈሰስለታል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ትንሹ አንጀት ያላዋሃደው ስታርች ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፣ እዚያ ይቦካል፣ አሲድ ይሆናል። ውጤቱ ወይ ቁርጠት ነው ወይ የሰኮና ውስጥ ብግነት። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ በኋላ እግሮቹ ላይ ይደገፋል፣ ሰኮናው ይሞቃል፣ መራመድ ይጠላል። እንዲህ ያለ ፈረስ ቢድን እንኳ ሽምጥ ላይ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ገብሱ ይፈርከስ፤ ካልሆነም ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። በቀን ሩብ ኪሎ ተብሎ ይጀመር፣ በየአራት ቀኑ ሩብ ኪሎ ይጨመር፣ ለ206 ኪሎ ፈረስ በቀን ከ1.2 ኪሎ አይለፍ። ያም ለሦስት ተከፍሎ፣ በአንድ ጊዜ ከ400 ግራም ሳይበልጥ። ቤት ያለው ጣሳ ስንት ግራም ገብስ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ሱቅ ወስዶ ማስመዘን ክርክሩን ሁሉ ይጨርሳል። አጃ ካለ ከገብስ ይመረጣል፤ ለአንጀቱ ይቀለዋል።

ፉርሽካ ርካሽ ስለሆነ ብቻውን የሚመግቡ አሉ። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ለወራት ብቻውን ከተበላ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከአጥንት መሳብ ይጀምራል። ከእህሉ ሩቡን ያህል ቢሆን ምንም አይደለም። የኑግ ፋጉሎ ለከሳ ፈረስ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ በቀን 200 ወይም 300 ግራም ይበቃል። አተላን በተመለከተ የጠላ አተላ ትኩስ ሆኖ ትንሽ ቢሰጥ አልቃወምም፤ የሰነበተና የኮመጠጠ ከሆነ ግን ለከብቱም አይሁን። ጨው በቀን 20 እስከ 25 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፤ ላብ በበዛበት ቀን እጥፍ። አሞሌ ሰቅሎ እንዲልስ መተውም ይሠራል፤ ዝናብ ግን አይንካው።

ውሃ በቀዝቃዛ ቀን ለተቀመጠ ፈረስ 10 እስከ 15 ሊትር፣ ለሚሠራ 25 እስከ 30 ሊትር። በበጋ የሚመጣው ቁርጠት ባብዛኛው ከደረቅ ገለባና ከውሃ ማነስ ነው፤ ገለባው አንጀት ውስጥ ይደርቅና መንገድ ይዘጋል። በቀን አንዴ ወንዝ መውረድ አይበቃም። ወንዙና ምንጩ ሲጎድል ደግሞ አልቅት ይበዛል። ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ቀጭን ደም የሚያንጠባጥብ፣ ራሱን የሚነቀንቅ ፈረስ ምላሱ ሥርና የአፍንጫው ውስጥ በባትሪ ይታይ። አልቅቱን በጣት ጎትቶ መበጠስ ቁስሉን ያባብሳል፤ በጨው ውሃ ሲረጭ ይለቃል፣ ወደ ጉሮሮ የገባውን ግን የእንስሳት ሐኪም ያውጣው። መከላከያው በባልዲ ወይም በገንዳ ማጠጣት ነው።

አሁን ወደ ኮርቻው። ባህላዊው ኮርቻ ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ክብደቱ የጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ አለበት። አጥንቱ ላይ ፈጽሞ መንካት የለበትም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሰው ከተቀመጠበት በኋላ፣ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ በእንጨቱና በጀርባው መካከል ሁለት ጣት በምቾት ይግባ። ኮርቻው ገና ባዶ ሆኖ መለካት ያታልላል፤ የተቀመጠው ሰው ይጫነዋልና። ሁለተኛው ፈተና ላብ ነው። ከግማሽ ሰዓት ግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ጀርባው ሁለቱም በኩል እኩል ርጥብ መሆን አለበት። በርጥቡ መካከል ደረቅ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጫናው ከመጠን አልፏል፣ ላቡ እንኳ መውጣት አልቻለም። እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ፀጉር ከበቀለ ደግሞ ጉዳቱ የቆየ ነው። ዳማ ፈረስ ላይ ነጭ ነጥብ አይቶ "መልኩ ነው" የሚል ሻጭ አይታመን።

ሥሩ የሚነጠፈው ባና ይሁን፣ ወይም ሌላ የሱፍ ነገር፣ ሳይጨማደድ ታጥፎ። የማዳበሪያ ከረጢት ሙቀት ያፍናል፣ ላብ አይመጥም፣ ይንሸራተታል፤ ከረጢት የሚነጠፍበት ጀርባ ሳይላጥ አይቀርም። ባናው ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ በሳምንት አንዴ ይታጠብ፤ የደረቀ ላብና ገለባ እንደ ሞረድ ይፍቃል። የሆድ ጠፍሩ ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይጠበቅ፣ ጥቂት ርምጃ ከተሄደ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። ብዙ ፈረስ ሲጠብቅበት ሆዱን ይነፋል፣ ሲራመድ ይለቃል፣ ፈረሰኛው በመጀመሪያው መታጠፊያ ከኮርቻው ጋር ይዞራል።

ልጓም ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘው ባህላዊ ልጓም ኃይለኛ ነው፤ በትንሽ ስበት ትልቅ ኃይል ያሳድራል። በለዘበ እጅ ፈረሱን በአንድ ጣት ያዞራል፣ በጨካኝ እጅ ምላስ ይቆርጣል፣ ድድ ይሰብራል። ብረቱ ዝገትና ሹል ጠርዝ እንዳይኖረው በጣት ይዳሰስ፤ ቀለበቱ አገጩን ሳይጨምቅ ጣት ያስገባ። በበዓል ቀን አፉ ደም ያዘለ አረፋ የያዘ ፈረስ ቢታይ ፈረሰኛው ወርዶ በእግሩ እየመራ ይውጣ፤ ይህ በማኅበሩ ደንብ ተጽፎ መቀጫ ቢኖረው እወዳለሁ። እርካብም አንድ ነገር አለበት፦ የጥንቱ እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ስለነበር ለባዶ እግር የተሠራ ነው። ዛሬ ጫማ ተደርጎ ሲጋለብ ጫማው ጠብቦት ከገባ፣ ፈረሰኛው ሲወድቅ አብሮ ይጎተታል። ከጫማው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ሰኮና በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይከርከም፣ ከበዓሉ በፊት ያለው የመጨረሻ ክርከማ ግን ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ ይሁን፤ አዲስ የተከረከመ ሰኮና ድንጋይ ይሰማዋል። ከጎን ሲታይ የሰኮናው ፊትና ከላዩ ያለው አጭር አጥንት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሥሩ። መስመሩ ከተሰበረ፣ ሰኮናው ፊት ለፊት ረዝሞ ተረከዙ ከወረደ፣ ጅማቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጠራል። በማጭድ መቆራረጥ ጎን ለጎን እኩል አያደርግም፤ ሞረድ ያስፈልጋል፤ ማኅበሩ ሁለት ጥሩ ሞረድና አንድ የሰኮና መቁረጫ ገዝቶ በየተራ ቢያዞር ወጪው ለአባል ኢምንት ነው። በየቀኑ የሰኮናው ጉድጓድ ይጠረግ። መሐሉ ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ከሸተተ፣ ጭቃና ሽንት ላይ ቆሞ የሰነበተ ፈረስ ነው፤ ጋጣው ይድረቅ፣ ቦታው ተጠርጎ አዮዲን ይቀባ። በድንገት አንድ እግሩን የማያስረግጥ፣ ሰኮናው የሞቀ ፈረስ ውስጡ መግል ሊኖረው ይችላል፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ ይጠቅማል፣ መክፈቱ ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ መንጋጋ ቆልፍም በዚህ በር ይገባል። የትኛው የፊት እግር እንደታመመ ለማወቅ ፈረሱ በሶምሶማ ወደ እርስዎ ይምጣ፦ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ያነከሰን እግር በጋለ ብረት መተኮስ አሁንም አልጠፋም። መተኮሱ በውስጥ ያለውን አያድንም፤ ሕመሙ ላይ ሕመም ጨምሮ ቁስል ያተርፋል።

ቁስል ሲገኝ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ጨምሮ ማጠብ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ ጥላሸት በቅቤ፣ ሁሉም ሥጋ ይገድላል። የጀርባ ቁስል እስኪድን ኮርቻ አይጫን፤ በዓሉ ነገ ቢሆንም።

ዝግጅቱ ሰባት ሳምንት ይፈልጋል። ኅዳር መጨረሻ ላይ የሚጀምር ሰው ጊዜ አለው። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ እርምጃ ብቻ፣ የተወሰነውም ዳገት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሶምሶማ ይጨመር፣ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አምስት ደቂቃ እርምጃ። ከዚያ ደንገላሳ፣ ማለትም ከሽምጥ የሚቀል ሩጫ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሦስት ጊዜ። ሽምጥ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአጭር ርቀት። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ቀላል ይሁኑ። ሳንባና ጡንቻ በሳምንታት ይለምዳሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ፈረሱ "ጉልበት አለኝ" ሲል እግሩ ገና ላይሆን ይችላል። መለኪያው የልብ ምት ነው። መንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ላይ ጣት አሳርፎ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከግልቢያ በኋላ አሥር ደቂቃ አርፎ ከ64 በላይ ከሆነ የዛሬው ሥራ በዝቶበታል፣ ነገ ይቀነስ።

ስለ በሽታ አንድ ነገር ብቻ ላስረዝም፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታን። የሚያስተላልፉት ደቃቃ ትንኞች ናቸው፤ በክረምቱ መውጫ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበዛሉ። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሞልቶ ካበጠ፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ሰዓት አይባክን፤ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪሙ የሚረዳው ሌሎቹን በማዳን ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከክረምቱ መውጫ በፊት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢወሰድ ጥሩ ነው። ማኅበር ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ ነው፣ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ እስከዚያም በበረዶ ሣጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆይ። አንድ ባለፈረስ ብቻውን ቢጠይቅ ሐኪሙ አይከፍትለትም፤ ሠላሳ ፈረስ በአንድ ጠዋት አንድ ሜዳ ላይ ከቆመ ይመጣል። ከክትባቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ከባድ ሥራ አይኑር። ትንኙ የሚነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ በወቅቱ ማታ ጋጣ ማስገባት ይረዳል።

የትል መድኃኒት በዓመት ሁለቴ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ በተለካው ክብደት ልክ። ለከብት የተሠራ የአይቨርሜክቲን መርፌ ለፈረስ አይወጋ፤ በተወጋበት ቦታ አደገኛ እብጠት ሊያመጣ ይችላል፣ በአፍ የሚሰጠው አለ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ይክፈት፦ መልኩ፣ ጾታው፣ ዕድሜው፣ የክትባት ቀኑ፣ የክርከማ ቀኑ፣ ያለበት ቁስል። ዕድሜ በጥርስ ይታያል። ፊት ለፊት ያሉት ቋሚ ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹ በሦስት ተኩል፣ ጥጎቹ በአራት ተኩል ይወጣሉ። ጥጉ ያልወጣ ፈረስ ለጉግስ አልደረሰም። ያረገዘች ባዝራ አሥራ አንድ ወር ትሸከማለች፤ በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ሽምጥ አትጋለብ።

በበዓሉ ዋዜማ አባላት ሁለት ሆነው እያንዳንዱን ፈረስ አምስት ደቂቃ ይፈትሹ፦ ጀርባ፣ አፍ፣ አራቱ ሰኮና፣ የሶምሶማ ርምጃ፣ ትኩሳት። ከ38.5 በላይ የሞቀ፣ ከአፍንጫው መግል የሚወርድ፣ መንጋጋው ሥር ያበጠ ፈረስ ዝምድና ሳይታይ፣ የማንም ይሁን፣ ይመለስ። አንዱ የታመመ በጋራ ገንዳ ከጠጣ መላው ቀበሌ ያስላል። ሁሉም ባልዲውን ይዞ ቢመጣ ይሻላል። ሜዳው ጉድጓድና ድንጋይ እንደሌለው በእግር ይታይ፣ ግልቢያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን፣ ሕፃናት በገመድ ወዲያ ይቁሙ። ድንጉላ ከድንጉላና ከባዝራ ሁለት የፈረስ ርዝመት ይራቅ። የጉግሱ ዘንግ ጫፉ የተድቦለቦለ ይሁን፣ ፊት ላይ አይወርወር።

ግልቢያው ሲያልቅ ፈረሱ አይገተር፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእግር ይመራ፣ ጠፍሩ ቀስ በቀስ ይላላ። "ያላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል" የሚለው ብዙ ፈረስ አሠቃይቷል። ወዲያው ሦስት ወይም አራት ሊትር ይጠጣ፣ ጥቂት ይመራ፣ እንደገና ይጠጣ። ገብሱ ግን ልቡ ከተረጋጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጥር 24 እና 25 እህሉ በግማሽ ይቀነስ፣ ሣሩ ይጨመር፣ አራቱ እግሮች በእጅ ተዳስሰው የሞቀ ወይም ያበጠ ጅማት ካለ በጸሐፊው ገጽ ላይ ይመዝገብ፤ እንዲህ ያለ ፈረስ እብጠቱ እስኪጠፋ ሞፈር አይጎትትም፣ ቀብርም አይወጣም።